ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ለምታጠፉት፦ ጨፍጋጋ ፎክና ሜታል እንዴት ይደመጣል

ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ ለጓደኛዬ አንዱን ኤርፎን አቀበልኩት። ረዳቱ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ይጣራል። ሹፌሩ የራሱን ዘፈን ከፍቷል። ራስ መኮንን ድልድይ ሳንደርስ ጓደኛዬ ኤርፎኑን ነቅሎ መለሰልኝ።

«ይሄ ሰውዬ ምን ሆኖ ነው እንዲህ የሚያጓራው?»

ጥፋቱ የእኔ ነበር። ቦታው አይሆንም፣ ሰዓቱም አይሆንም። ያሰማሁት ሙዚቃ ደግሞ መጨረሻ ላይ መምጣት የነበረበት ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰው በዚሁ መንገድ ሲሸሽ አይቻለሁ። ስለ ጨፍጋጋ ፎክና ሜታል፣ ማለትም ስለ ዝግተኛ የባህል መሰል ዘፈንና ስለ ከባድ የኤሌክትሪክ ጊታር ሙዚቃ፣ ሲወራ ይሰማና ይጓጓል። መጀመሪያ ያገኘውን ይከፍታል። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ያጠፋል። ከዚያ «ለእኔ አይሆንም» ብሎ ፋይሉን ይዘጋል።

በበገናና በትዝታ ያደገ ጆሮ ለዚህ ሙዚቃ ባዳ አይደለም። የሚበላሸው ቅደም ተከተሉ ነው። ስለዚህ ከታች ያለውን በተራው አድርጉት፤ ደረጃ አትዝለሉ። ሁለት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዝግጅት

ማታውን ምረጡ

ክረምት ይሻላል። ሐምሌ ወይም ነሐሴ፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ እራት ከተበላ በኋላ። በጋ ላይም ይሆናል፤ ግን ፀሐይ በመስኮት እየገባ ይህን ሙዚቃ መጀመር ሽሮ ያለ በርበሬ እንደመብላት ነው። በማግስቱ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ታክሲ ሰልፍ የምትይዙ ከሆነ ለቅዳሜ ማታ አቆዩት። እንቅልፍ የሚጥለው ሰው ደረጃ 2ን አያልፍም።

ጣሪያችሁን እወቁ

ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የምትኖሩ ከሆነ ዝናቡ ራሱ ባንድ ነው። ከባድ ዝናብ ሲጥል ዝግ ያለውን ድምፅ ሁሉ ይውጠዋል፤ እናንተ ደግሞ ሳታውቁት ድምፅ ትጨምራላችሁ። ይሄ አደገኛ ነው። ካፊያ ከሆነ ቀጥሉ። በረዶ ከቀላቀለ አቁሙ፣ ቡና ጠጡ፣ ሲያባራ ተመለሱ። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ያላችሁ ይህ ችግር የለባችሁም፤ የእናንተ ችግር የጎረቤት ቴሌቪዥን ነው።

ሄድፎን፣ የግድ

በስልክ ስፒከር አትሞክሩት። ምክንያቱ ቀላል ነው። በተለመደው ቅኝት የጊታር ወፍራሙ ክር በሰከንድ 82 ጊዜ ያህል ይርገበገባል፣ የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር ደግሞ 41 ጊዜ። የዚህ ሙዚቃ ባንዶች ብዙዎቹ ከዚያም ዝቅ አድርገው ይቃኛሉ። የስልክ ስፒከር እዚያ ታች ያለውን በቅጡ አያወጣውም። የሚደርሳችሁ ላይ ላዩን ያለው ጫጫታ ብቻ ነው። «ጩኸት ነው» የሚሉት ሰዎች ግማሾቹ እውነት ይናገራሉ፤ የሰሙት እሱን ብቻ ነውና።

ጆሮን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ባለገመድ ሄድፎን ካገኛችሁ እሰየው። ከሌለ ጆሮ ውስጥ በደንብ የሚገጥም ኤርፎን ይበቃል። የተዘረጋ ጨርቅ ላይ ተደርድሮ ከሚሸጠው ልትገዙ ከሆነ እዚያው ቆማችሁ ሞክሩት፤ ግራና ቀኙ እኩል ካልሆነ ተዉት። ስልካችሁ ላይ ቤዝ የሚጨምር ቅንብር በርቶ ከሆነ አጥፉት። ሙዚቃው በቂ ቤዝ አለው፤ ሲጨመርበት ጭቃ ይሆናል።

ቀድማችሁ አውርዱ

ማታውኑ ኢንተርኔት ላይ ልሰማ አትበሉ። ዘፈኖቹ ረዣዥም ናቸው፤ አንዳንዱ ከ14 ደቂቃ ይበልጣል። 11ኛው ደቂቃ ላይ መሽከርከር የጀመረች ክብ ያን ሁሉ ድካም ገደል ትከተዋለች። ከአንድ ቀን በፊት አውርዱ። በ320 ኪሎ ቢት ጥራት አንድ ደቂቃ 2.4 ሜጋ ባይት ገደማ ይይዛል፤ የአንድ ሰዓት ሙዚቃ ወደ 144 ሜጋ ባይት ማለት ነው። ፓኬጃችሁን በዚያ አስሉ። የባንዶቹን ስም ስትፈልጉ በላቲን ፊደል ጻፉ፤ በተራቸው Wardruna፣ Ulver፣ Opeth፣ Black Sabbath፣ My Dying Bride፣ Agalloch ናቸው።

ከዚያ ዘፈን የሚያዘበራርቀውን ቁልፍ አጥፉ። ስልኩን አውሮፕላን ሞድ ላይ አድርጉ። ፓወር ባንኩን ሙሉ። መብራት እንደሚሄድ አስባችሁ ተዘጋጁ፤ ካልሄደ ትርፍ ነው።

ድምፁን አሁኑኑ ወስኑ

የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው 80 ዴሲቤል በሳምንት እስከ 40 ሰዓት ነው። 90 ዴሲቤል ሲሆን ወደ 4 ሰዓት ይወርዳል። ስልካችሁ ዴሲቤል ካላሳያችሁ ከግማሽ ትንሽ ከፍ አድርጉና እዚያ ተዉት። ማታውን ሙሉ እንዳትነኩት። ከደረጃ 4 ጀምሮ እጃችሁ ወደ ላይ መግፋት ያምረዋል። እምቢ በሉት።

አንድ ማስጠንቀቂያ

ሰው የሞተባችሁ በቅርቡ ከሆነ፣ ወይም ቀኑ ሁሉ ከጨለመባችሁና ከአልጋ መውረድ ካቃታችሁ፣ አሁን አትጀምሩ። ይህ ሙዚቃ ሐዘንን ይይዛል እንጂ አያክምም። እንዲያ ላለ ነገር ሰውና ሐኪም ነው የሚያስፈልገው። ሙዚቃው የትም አይሄድም።

ደረጃ 1፦ ጆሮን በሚያውቀው ክፈቱ (20 ደቂቃ)

መብራቱን ቀንሱ። ጀርባችሁን ግድግዳ ላይ አስደግፉ። አትተኙ።

በበገና ጀምሩ። የዓለሙ አጋ ቅጂ ካላችሁ እሱን ክፈቱ፤ ኢትዮፒክስ በሚባለው የኢትዮጵያ ሙዚቃ ተከታታይ አልበም 11ኛው ቅጽ ላይ ይገኛል። ቃሉን ለአሁኑ ተዉት። ከ10ሩ ክሮች አንዷን ብቻ ያዙ። ስትነካ «ድም» ብላ አትቆምም። «ዝዝዝም» ትላለች፣ ቀፎ ውስጥ እንዳለ ንብ። ይህ የሚመጣው ክሩና ክሩ የሚያርፍበት በርኩማ መካከል ከምትገባ ትንሽ ቁራጭ ቆዳ ነው፤ እንዚራ ትባላለች። ክሩ ሲርገበገብ ቆዳዋን ይነካካል። ከዋናው ድምፅ በላይ ሌሎች ቀጫጭን ድምፆች ይወለዳሉ። እንዚራዋን ብታወጧት በገናው ይሠራል፤ ግን ራቁቱን ይቀራል።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆዩ፤ ማታው ሙሉ በዚህች ላይ ነው የሚቆመው። የኤሌክትሪክ ጊታር ዲስቶርሽንም ሥራው ይኸው ነው። አምፕሊፋየሩ ከአቅሙ በላይ ሲገፋ የድምፁን ሞገድ ጫፍ ይቆርጠዋል። ከዋናው ኖታ በላይ ብዙ አዳዲስ ድምፆች ይወጣሉ። መንገዱ ሌላ ነው፣ ጆሮ የሚሰማው ግን ዝምድና አለው፦ የሚነዝር፣ የማያልቅ፣ ደረት ላይ የሚያርፍ ድምፅ። አያቶቻችን በዐቢይ ጾም ሬዲዮ ላይ ሲሰሙት ጩኸት ነው ያለ አልነበረም።

10 ደቂቃ ሲሞላ ወደ ትዝታ ሂዱ። ማይነሩን ምረጡ፤ ከሜጀሩ ሁለት ኖታዎቹ በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያሉበትን። በክራር ወይም በማሲንቆ ቢሆን ይሻላል፤ ሙሉ ባንድ ያለበትን ለሌላ ቀን ተዉት።

በ2014 የታተመ አንድ ጥናት 772 ሰዎችን አሳዛኝ ሙዚቃ ሲሰሙ ምን እንደሚሰማቸው ጠይቆ ነበር። ከሐዘን ቀድሞ የመጣው መልስ ናፍቆት ነው፣ ያለፈን ነገር ማሰብ። ፒያሳ ላይ አንዱን ሊስትሮ ቢጠይቁት በነጻ ይነግራቸው ነበር።

ካልሆነ፦ በገና ጸሎት ነው፣ ከሜታል ጋር በአንድ ማታ አላደርገውም የምትሉ ትኖራላችሁ። ልክ ናችሁ፣ አታድርጉት። በምትኩ የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን ፒያኖ ስሙ፤ በዚያው ተከታታይ 21ኛው ቅጽ ነው። የሚነዝረው ድምፅ ይቀርባችኋል፤ ዝግታውን ግን ታገኛላችሁ። ማሲንቆውን በደንብ አዳምጡ፤ የጎደለውን ሻካራነት እሱ ይሞላዋል።

ደረጃ 2፦ ፎኩ (35 ደቂቃ)

እዚህ ዲስቶርሽን የለም። ከበሮውም ጥቂት ነው።

ለመግቢያ የኖርዌዩን ቡድን ዋርድሩናን «ስካልድ» ምረጡ። የ2018 አልበም ነው። አይናር ሴልቪክ ብቻውን ተቀምጦ ይዘፍናል። በእጁ የያዘው ላየር ነው፤ ክራርና በገና ከሚመደቡበት ቤተሰብ። ሌላው መሣሪያው ታግልሃርፓ ይባላል፣ ክሩ ከፈረስ ጭራ ነው፣ በደጋን ይገዘገዛል። ማሲንቆ ሲገዘገዝ አይቶ ላደገ ሰው ከዚህ በላይ ማብራራት አያስፈልግም። ሁለት ዘፈን ይበቃል።

ቀጥሎ የኡልቨርን «ክቬልሳንገር» ክፈቱ። 1996። ይህም የኖርዌይ ነው። ሳይቆራረጥ ብዙውን ስሙት፤ ጠቅላላው 35 ደቂቃ ገደማ ነውና ግማሽ ሰዓት አይፈጅባችሁም። የናይለን ክር ጊታር፣ ሴሎ፣ የሚያስተጋቡ የወንድ ድምፆች። ይኸው ቡድን ከዚህ አልበም በፊትም በኋላም ብላክ ሜታል የሚባለውን ጆሮ የሚቆርጥ የሜታል ዓይነት ሠርቷል። ያንን አሁን አትንኩ።

የምታደርጉት እንዲህ ነው፦

1. ግጥሙን አትፈልጉ። ቃሉን ማወቅ የምትጀምሩት ሳምንት ሁለት ላይ ነው።
2. አንድ ዜማ ሲደጋገም ቁጠሩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት።
3. በየዙሩ ምን እንደተጨመረ ወይም እንደጎደለ ያዙ። ሁልጊዜ አንድ ነገር አለ። አንዳንዴ ጣት ክሩ ላይ ስትንሸራተት የምታሰማው ሲጥ የምትል ድምፅ ናት።

ካልሆነ፦ ብዙ ሰው እዚህ ጋ «ምንም አይፈጠርም እኮ» ይላል። ትክክል ነው፣ ብዙ አይፈጠርም። መቁጠሩን ያልጀመራችሁ ከሆነ ጀምሩ። ጀምራችሁም ከሰለቻችሁ ተነሱ፣ መስኮት ክፈቱ፣ ውጭ ያለውን አንድ ደቂቃ ስሙና ተመለሱ። ፎቶ ልታዩ ስልክ አታንሱ። ስልኩ ከተነሳ ማታው አለቀ።

ደረጃ 3፦ ድልድዩ (15 ደቂቃ)

አጭር ደረጃ ነው። የስዊድኑ ኦፔት በ2003 ያወጣውን «ዳምኔሽን» ክፈቱና የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዘፈኖች ስሙ። ኤሌክትሪክ ጊታር አለ፣ ድራም አለ፣ የሚያጓራ ሰው ግን የለም። ዘፋኙ ከጫፍ እስከ ጫፍ በጥሩ ድምፁ ነው የሚዘፍነው።

እዚህ ምንም አትቁጠሩ። ዕረፍት ነው። ቡናችሁን ቅዱ፣ ቆሎ ቆርጥሙ። በነገራችን ላይ ብዙ ሰው እዚሁ ሰፍሮ ይቀራል፣ ነውርም የለበትም።

ደረጃ 4፦ ክብደቱ (20 ደቂቃ)

አሁን ዱም ሜታል ነው። ዘገምተኛ፣ ወፍራም።

የብላክ ሳባዝን የመጀመሪያ አልበም የመጀመሪያ ዘፈን ክፈቱ። አልበሙም፣ ዘፈኑም፣ ባንዱም ስማቸው አንድ ስለሆነ አትሳሳቱም። የወጣው ፌብሩዋሪ 13 ቀን 1970 ነው። ከመጫናችሁ በፊት ሄድፎኑን አንድ ጊዜ አውልቁና ቤታችሁን ስሙ። ከዚያ መልሳችሁ አድርጉትና ክፈቱ። ዝናብ ይዘንባል። ነጎድጓድ ይሰማል። የቤተ ክርስቲያን ደወል ይመታል። እኔ መጀመሪያ የሰማሁት ነሐሴ ላይ፣ አራት ኪሎ ጀርባ በተከራየኋት ክፍል ውስጥ ነበር። ሄድፎኑን ሁለት ጊዜ አወለቅኩት። ዝናቡ የማን እንደሆነ መለየት አቅቶኝ ነው።

ደወሉን ተከትሎ ጊታሩ ይገባል። ሦስት ኖታ ነው። ሁለቱ አንድ ኖታ ናቸው፣ አንዱ ታች አንዱ ላይ። ሦስተኛው ግን አይገጥምም፤ ጥርስ ውስጥ እንደገባ አሸዋ ነው። ባንዱ ያቺን አለመግጠም ደጋግሞ ያመጣታል፣ አያስተካክላትም።

እግራችሁን መሬት ላይ ምቱ። ምቱ ከምታስቡት በላይ ይዘገያል፣ ትቀድሙታላችሁ። ስትቀድሙት አትበሳጩ። ትንፋሻችሁን ቀስ ብላችሁ አስወጡና እንደገና ያዙት። ሦስት አራት ጊዜ ከሳታችሁ በኋላ ሰውነታችሁ ራሱ ይዘገያል። ሲዘገይ ትከሻችሁ ይወርዳል። የምንፈልገው ያ ነው።

ሁለተኛው የእንግሊዙ ማይ ዳይንግ ብራይድ ነው፣ የ1993ቱ «ተርን ሉዝ ዘ ስዋንስ»። መክፈቻው ላይ ጊታር የለም፤ ኪቦርድ፣ ቫዮሊንና ሰው ብቻ። ማሲንቆውን አስታውሱና ቫዮሊኑን ተከተሉ። መክፈቻው ሲያልቅ አቁሙ። ቀሪው አልበም የሚያጓራ ድምፅ አለበት፤ ለእሱ ገና ናችሁ።

ካልሆነ፦ ራሳችሁን ካመማችሁ ድምፁን ቀንሱ፣ አምስት ደቂቃ አርፉ፣ ውሃ ጠጡ። ጆሯችሁ ውስጥ «ጭው» የሚል ነገር ከቀረ ማታው እዚህ ያበቃል። በማግስቱም አትሞክሩ።

ደረጃ 5፦ የሚያጓራው ሰውዬ (30 ደቂቃ)

ሁሉም የሚወድቀው እዚህ ነው፤ ስለዚህ አትቸኩሉ።

መጀመሪያ ድምፁ ምን እንደሆነ እወቁ። ሰውዬው ተናድዶ ጉሮሮውን እየቀደደ አይደለም። ከእውነተኛው የድምፅ አውታር ከፍ ብለው ሐሰተኛ የሚባሉ እጥፋቶች አሉ። ትንፋሹን ተቆጣጥሮ እነሱን ያርገበግባቸዋል። ከእንዚራዋ ጋር ዝምድናውን አያችሁት? ንጹሕ ድምፅ ላይ የሚጨመር ሻካራነት ነው።

ደግሞ እኛ ሻካራ ድምፅ አናውቅም እንዴ? ሰርግ ላይ አንዱ ተነስቶ ሲፎክር ድምፁ ለስላሳ እንዲሆን የሚጠብቅ የለም። ሙሾ የምታወርድ ሴት ድምጿ ሲሰነጠቅ «ቅኝት ሳተች» የሚላት የለም። እንዲያውም ያኔ ነው ሰው ነጠላውን ወደ ዓይኑ የሚያነሳው። እዚህም በዚያ ጆሮ ስሙ።

የምትከፍቱት የአጋሎክን «ዘ ማንትል» ነው። ባንዱ የፖርትላንድ፣ ኦሪገን ነው፤ አልበሙ የ2002።

1. የመጀመሪያውን ዘፈን ስሙ። መግቢያ ነው፣ መሣሪያ ብቻ። አኮስቲክ ጊታሩን በደንብ ያዙት፣ ኋላ ይጠቅማችኋል።
2. ሁለተኛው ከ14 ደቂቃ በላይ ነው። ሻካራው ድምፅ ሲገባ አትከተሉት። ጆሯችሁን ከሥሩ ወዳለው አኮስቲክ ጊታር አውርዱ። እዚያው አለ፣ አልሄደም። ዘፋኙ የገበያ ጫጫታ እንደሆነ፣ ጊታሩ ደግሞ የምትሰሙት ሰው ወሬ እንደሆነ አድርጉት።
3. ዘፋኙ በየቦታው ድምፁን ይቀያይራል። አንዳንዴ ያንሾካሹካል፣ አንዳንዴ በጥሩ ድምፅ ይዘፍናል። የተቀየረበትን ቦታ ብቻ ያዙ። ሲሻክር ሙዚቃው ምን እየሆነ ነበር? ሲለዝብስ?
4. ዘፈኑ ሲያልቅ ያንኑ እንደገና ከመጀመሪያው ክፈቱ። በሁለተኛው ዙር ድምፁን ራሱን ስሙት። ካልፈለጋችሁ መጨረስ ግዴታ የለባችሁም፤ ግማሹ ይበቃል።

አልደብቃችሁም፣ እኔ ቁጥር 4ን ለማለፍ ሦስት ማታ ፈጅቶብኛል። ሦስተኛው ላይ የሆነው ነገር ትንሽ ነው። ልብስ እያጠፍኩ ነበር። ሻካራው ድምፅ መጣ፣ ሄደ። ከሄደ በኋላ ነው ያስተዋልኩት። እጄ አልቆመም፣ ሸሚዙን አጥፌ ጨርሼ ነበር።

ካልሆነ፦ ወደ ደረጃ 3 ተመለሱ፣ አንድ ዘፈን ሰምታችሁ ተኙ። በሌላ ሳምንት ከደረጃ 4 ጀምሩ። በግድ አትጋቱት። ደግሞ ራሳችሁ ለማጓራት አትሞክሩ። ትንፋሽ ሳትለማመዱ የምታደርጉት ከሆነ ሁለት ቀን ድምፃችሁ ተዘግቶ ታክሲ ላይ «ወራጅ አለ» ማለት ያቅታችኋል። ደርሶብኛል፤ አንድ ፌርማታ አልፌ ነው የወረድኩት።

ደረጃ 6፦ ዝም በሉ (5 ደቂቃ)

አጥፉ። ሄድፎኑን አውልቁ። አምስት ደቂቃ ምንም አትክፈቱ። ከዚህ በቀጥታ ወደ አጫጭር ቪዲዮ ከሄዳችሁ ጠዋት የምታስታውሱት ቪዲዮውን ነው። የትኛው ቦታ ላይ ፀጉራችሁ እንደቆመ ደቂቃውን ጻፉ። «ማንትል፣ ሁለተኛው፣ 9ኛ ደቂቃ» ይበቃል። በሚቀጥለው ጊዜ የምትጀምሩት ከዚያ ነው።

ቤት ውስጥ ሰው ሲደነግጥ

አከራዬ አንድ ማታ በሬን አንኳኩ። ሄድፎኑ ከስልኩ ተነቅሎ ለካ ድምፁ ውጭ ወጥቷል።

«ልጄ፣ ምን ሆነህ ነው? አመመህ?»

«ኧረ ደህና ነኝ እማማ። ሙዚቃ ነው።»

«ሙዚቃ!» አሉና በሩን ይዘው ቆሙ። «ጸበል ሄደህ ታውቃለህ?»

እንዲህ ሲሆን አትከራከሩ። ስለ ዘውጉ አታስረዱ። ግጥሙን አትተርጉሙ፣ ይብስባችኋል። ድምፁን አጥፉ፣ ይቅርታ ጠይቁ፣ ካመቻችሁ ከደረጃ 2 አንዷን በዝግታ አሰሟቸው። እኔ ላየሩን አሰማኋቸው። «ይሄማ ክራር አይደል?» አሉ፣ ሄዱ። እስከ ዛሬ ሰላም ነን። ገመዱን ግን ስልኩ ላይ በደንብ መግፋት ተምሬያለሁ።

አልበም ከማውረዳችሁ በፊት

አንድ ነገር በቁም ነገር አረጋግጡ። ብላክ ሜታል ውስጥ ዘረኝነትንና የናዚን አስተሳሰብ የሚሰብኩ ባንዶች አሉ። የጫካ፣ የበረዶ፣ የአያቶች መንፈስ እያሉ ሽፋናቸውን ያሳምራሉ፤ ውስጡ ግን እናንተን ከሰው የማይቆጥር ነው። የማታውቁት ባንድ ሲያጋጥማችሁ ስለ አባላቱ አምስት ደቂቃ አንብቡ። ጥሩው ሙዚቃ ብዙ ነው፣ ለእነሱ ዳታ አታባክኑ።

ሌሎች የሚበላሹ ነገሮች

መብራት ሄደ። እሰየው፣ ቀጥሉ። ሲመለስ ግን ፍሪጁ «ኸምም» ብሎ ይነሳል፤ ድምፁ ዝግ ያለ ቦታ ላይ ከሆናችሁ አልፎ እስኪረጋ ጠብቁ።

እንባ መጣ። ይምጣ። ከመጣ በኋላ ቀለል ካላችሁ ደህና ነው። ከበዳችሁ፣ በማግስቱም ካልለቀቃችሁ፣ ሁለት ሳምንት ተዉትና ሰው አዋሩ።

ምንም አልተሰማኝም። በየትኛው ደረጃ? እስከ 3 ድረስ ምንም ካልነበረ ምናልባት ሰዓቱ ነው፤ በሌላ ማታ ሞክሩ። 4 ላይ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋተኛው ኤርፎኑ ነው፣ ከሰው ተዋሱና ድገሙት።

መንገድ ላይ ልስማው? ከሦስተኛው ሳምንት በኋላ፣ አዎ። ማለዳ ጭጋግ ሳይነሳ ከስድስት ኪሎ ወደ አራት ኪሎ ቁልቁል መሄድ ለዚህ የተሠራ ይመስላል። በአንድ ጆሮ ብቻ። አስፋልት ስትሻገሩ ሁለቱንም አውልቁ፣ ስልኩንም የውስጥ ኪስ ክተቱ።

አብሮ የሚሰማ ሰው ልጥራ? ለመጀመሪያው ማታ አይሆንም። ሁለተኛ ሰው ካለ ትስቃላችሁ። ከዚያ በኋላ አንድ ሰው ብቻ፣ ዝም ማለት የሚችል።

ቀጥሎ ምን? የስዋሎው ዘ ሰን «ሶንግስ ፍሮም ዘ ኖርዝ» ጥሩ ነው። ፊንላንዳውያን ናቸው። በ2015 የወጣ ሦስት ዲስክ ነው፤ ሁለተኛው በአኮስቲክ የተሠራ ስለሆነ ከእሱ ጀምሩ። ባንጆና ብላክ ሜታል አንድ ላይ ሲገቡ መስማት ከፈለጋችሁ ደግሞ የፓኖፕቲኮን «ኬንታኪ» አለ፣ 2012፣ ስለ ከሰል ማዕድን ሠራተኞች። እሱን ስትሰሙ ግጥሙን አንብቡ።

የታክሲው ጓደኛዬን ከዚያ በኋላ ከደረጃ 1 አስጀመርኩት። አሁን 4 ላይ ነው፣ 5ን እምቢ ብሏል፣ እኔም አልጎተጎትኩትም። ባለፈው ማታ ዝናብ ሲጥል ደወለ። «ያቺን ደወል ያለባትን እንደገና ላክልኝ፣ ስልኬን ቀይሬ ጠፍታብኛለች» አለኝ።